በዓይኔ በብረቱ

ባለፈው ዓመት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አንድ ልጅ ስልኬን መንትፎኝ ሮጠ። ቀይ ኮፍያ አድርጎ ነበር። በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ! አብራኝ የነበረችው እህቴ ደግሞ «የምን ኮፍያ? ራሱን ባዶ ነበር እኮ» ትላለች። እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ይህ ነገር ሲነሳ የጄኒፈር ቶምሰን ታሪክ ትዝ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና፣ በርሊንግተን ከተማ፣ አንድ ሰው ሌሊት ቤቷ ገብቶ ደፈራት። የ22 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነበረች። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆና እንኳ፣ ከተረፍኩ አስይዘዋለሁ ብላ መልኩን ታጠና ነበር። ፖሊስ ፎቶ ደርድሮ ሲያሳያት ሮናልድ ኮተንን መረጠች። ከዚያ ሰዎች በአካል ተሰልፈው ቀረቡላት፤ አሁንም እሱን።

እዚህ ጋ ግን አንድ ነገር አለ። ከፎቶዎቹም ከሰልፉም ውስጥ የነበረው ኮተን ብቻ ነው። ፊቱን አውቀዋለሁ ማለቷ ልክ ነው፤ ግን የምታውቀው ከዚያ ሌሊት ይሁን ከፎቶው፣ አንጎል ይህን ለይቶ አይነግርም። በዚያ ላይ ፖሊሶቹ ከፎቶም የመረጥሽው እሱን ነው አሏት። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ቅንጣት ጥርጣሬ አልነበራትም። በ1987 በሁለተኛው ችሎት እውነተኛው ደፋሪ ቦቢ ፑል ፊት ለፊቷ ሲቀርብ እንኳ አላወቀችውም! ኮተን በዲኤንኤ ምርመራ ነፃ የወጣው በ1995 ነው፣ ከአሥር ዓመት በላይ ታስሮ።

ጋሪ ዌልስ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር በ1998 ያወጣው ጥናት አለ። ሰዎች የካሜራ ቪዲዮ ካዩ በኋላ ወንጀለኛው ከሌለበት የፎቶ ድርድር እንዲመርጡ ተደረገ። ሁሉም ተሳሳቱ ማለት ነው። ከፊሎቹን ግን «ጎሽ፣ ተጠርጣሪውን ለይተሃል» አሏቸው። እነዚያ እርግጠኛ ነበርን ብቻ ሳይሆን፣ መልኩን በደንብ አይተነው ነበር ማለት ጀመሩ። አንዲት «ጎሽ» ወደ ኋላ ተመልሳ ዓይናቸውን አጠራችው!

ለዚህ ነው ተጠርጣሪው የትኛው እንደሆነ የማያውቅ ፖሊስ ያስለይ፣ ምስክሩም ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ እዚያው በራሱ አንደበት ይጻፍ የሚባለው። ኖርዝ ካሮላይና ራሷ በ2007 ይህን በሕግ ደንግጋለች።

እኔ ፖሊስ ጣቢያ የሰጠሁት ቃል ላይ «ቀይ ኮፍያ ያደረገ» ይላል። ፈርሜበታለሁ።