የኤሌኖርን የዘር ሐረግ ተከትዬ

ሶሚዩር በምዕራብ ፈረንሳይ፣ በሎዋር ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። ከፓሪስ በባቡር ይደረስባታል። ፎንቴቭሮ ገዳም ከዚያ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። መንገዱ ግራና ቀኙ የወይን እርሻ ነው። ቤቱም ግንቡም ገደሉም ነጭ ነው። ሁሉም የተሠራው ከአንድ ዓይነት ለስላሳ ድንጋይ ነው።

እኔ የሄድኩት አራት የተኙ ሐውልቶችን ለማየት ነው። የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ነገሥታትን የዘር ሐረግ እወዳለሁ። ወረቀት ላይ ሲታይ የስምና የዓመት ክምር ይመስላል። መቃብራቸው አጠገብ ሲቆሙ ግን ማን ከማን ጎን እንደተኛ፣ ማንስ እንደቀረ በዓይን ይታያል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

ገዳሙን በ1101 የመሠረተው ሮበርት የሚባል ሰባኪ ነበር። ወንዶችም ሴቶችም ይኖሩበት ነበር፤ የሁሉም አለቃ ግን እመ ምኔቷ ናት። ለዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ናፖሊዮን በ1804 ወደ እስር ቤት እንዲለወጥ አዘዘ፤ እስከ 1963ም እስር ቤት ሆኖ ቆየ። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ መቃብሮቹ ተከፍተው አጽሞቹ ጠፍተዋል። ሐውልቶቹ ግን ተርፈዋል።

ቤተ ክርስቲያኑ ረጅምና ባዶ ነው። አራቱ ሐውልቶች ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ተኝተዋል። ሄንሪ 2ኛ፣ የእንግሊዝ ንጉሥ። ሚስቱ ኤሌኖር፣ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ያለው የአኪቴን ግዛት ወራሽ። ልጃቸው ሪቻርድ፣ ልበ አንበሳ የሚባለው። አራተኛዋ ኢዛቤላ ናት፤ የሌላው ልጃቸው የንጉሥ ጆን ሚስት። የእሷ ከእንጨት ነው፣ የሦስቱ ከድንጋይ። በልብሳቸው ላይ ሰማያዊና ቀይ ቀለም አሁንም ይታያል።

ኤሌኖር እያነበበች ነው። ሌሎቹ እንደ ሙት ተጋድመዋል፤ እሷ መጽሐፍ ገልጣ ይዛለች። ሐውልቷ ፊት ረጅም ሰዓት ቆሜያለሁ። ባሏ ለ15 ዓመት ገደማ አስሯታል፤ ልጆቹ ሲያምፁበት ከእነሱ ጋር አብራ ነበርና። እሱ በ1189 ሞተ፤ እሷ እስከ 1204 ኖረች። አሁን ጎን ለጎን ናቸው።

የእንግሊዝ ነገሥታት ፈረንሳይ ገዳም ውስጥ ምን ያደርጋሉ? መልሱ በባሕር አደጋ ይጀምራል። በኅዳር 1120 ነጩ መርከብ የሚባለው መርከብ ከባርፍለር ወደብ እንደወጣ ሰጠመ። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 1ኛ ብቸኛ ሕጋዊ ወንድ ልጅ ዊልያም እዚያ ሞተ። ዊልያም የዚህን አካባቢ፣ የአንዡን ኮንት (ገዥ መስፍን) ልጅ ማቲልዳን ካገባ ገና ዓመት ከመንፈቁ ነበር። መበለቷ ፎንቴቭሮ መጥታ መነኮሰች፤ በኋላም እመ ምኔት ሆነች። ንጉሡ ደግሞ ዙፋኑን ለሴት ልጁ ለማውረስ ወሰነ። እሷም ማቲልዳ ናት! ያገባችው የመነኩሲቷን ወንድም ጆፍሯን ነው። ልጃቸው ሄንሪ 2ኛ ነው። እመ ምኔቷ እንግዲህ አክስቱ ነበረች ማለት ነው።

በዚህ ቤተሰብ ማቲልዳ የሚል ስም ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። የሟቹ ዊልያም እናትም፣ እህትም፣ ሚስትም ማቲልዳ ነበሩ። የዘር ሐረግ አጥኚዎች የሚለዩዋቸው በስም አይደለም፤ በአባት፣ በርስትና በእማኝነት ነው። ለገዳም መሬት ሲሰጥ ሰነድ ይጻፋል፤ ከሥሩ ሚስት፣ ልጆች፣ ወንድሞች በእማኝነት ይሰፍራሉ። ገዳማትም የሚጸልዩላቸውን ሙታን ስም በዕለተ ሞታቸው ይመዘግቡ ነበር። ከዚያ ዘመን የምናውቀው ዝምድና አብዛኛው የተገኘው ከእነዚህ ሁለት ዓይነት ጽሑፎች ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። ኤሌኖር ከሄንሪ በፊት የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 7ኛ ሚስት ነበረች። በ1137 ተጋቡ፤ ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ፣ ወንድ ግን አልወለዱም። በመጋቢት 1152 ቦዣንሲ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ የጳጳሳት ጉባኤ ተቀምጦ ጋብቻውን አፈረሰ። የቀረበው ምክንያት ዝምድና ነው። የዚያ ዘመን የሮማ ቤተ ክርስቲያን እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ የሚዛመዱ እንዳይጋቡ ትከለክል ነበር። ይህን ሳነብ እኛ አገር ሽማግሌዎች ከጋብቻ በፊት ተቀምጠው እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩት ቆጠራ ትዝ አለኝ። ቁጥሩ ራሱ አንድ ነው።

እስቲ እንቁጠር። የጋራ አያታቸው የፈረንሳይ ንጉሥ ሮበርት 2ኛ ነው። በሉዊ በኩል፦ የፈረንሳዩ ሄንሪ 1ኛ፣ ፊሊፕ፣ ሉዊ 6ኛ፣ ሉዊ 7ኛ። አራት ቤት። በኤሌኖር በኩል፦ የቡርጎኙ ሮበርት፣ ሂልዴጋርድ፣ ጊዮም 9ኛ፣ ጊዮም 10ኛ፣ ኤሌኖር። አምስት ቤት። በሕጉ መሠረት ዘመዳሞች ናቸው፣ መጋባት አይችሉም። ግን ይህ ሲጋቡም የሚታወቅ ነበር። ቀድሞም ተነስቶ ነበር፤ ጋብቻው የፈረሰው ግን 15 ዓመት ቆይቶ፣ ወንድ ልጅ ሲጠፋ ነው።

ኤሌኖር ርስቷን አኪቴንን ይዛ ወጣች። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በግንቦት 1152፣ ሄንሪን አገባች። ሄንሪስ? የአንዡዋ ኤርመንጋርድ ሁለት ጊዜ ነበር ያገባችው። ከመጀመሪያው ባሏ ፉልክ 4ኛን ወለደች፤ ከእሱ ፉልክ 5ኛ፣ ከዚያ ጆፍሯ፣ ከዚያ ሄንሪ። ከሁለተኛው ባሏ ሂልዴጋርድን ወለደች፤ ከእሷ ጊዮም 9ኛ፣ ጊዮም 10ኛ፣ ኤሌኖር። በሁለቱም በኩል አራት ቤት! ለኤሌኖር ሁለተኛው ባሏ ሄንሪ ከመጀመሪያው ከሉዊ ይልቅ በዝምድና ይቀርባታል። ይህን ጋብቻ ግን ማንም ጉባኤ አላፈረሰውም፤ ስምንት ልጆች ተወለዱበት።

ቆጠራው የእውነት ይከበር ቢባል መኳንንቱ ሚስት ባጡ ነበር። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የፈረንሳዩ ሄንሪ 1ኛ በ1051 ከኪየቭ ድረስ አናን ያመጣት ዘመድ ያልሆነች ሴት በቅርብ ስላጣ ነው ይላሉ። ፊሊፕ የሚለው ስም ወደ ፈረንሳይ ነገሥታት የገባውም በእሷ ልጅ ነው። በመጨረሻ በ1215 የሮማ ቤተ ክርስቲያን የላተራን ጉባኤ ሰባቱን ወደ አራት ዝቅ አደረገው።

ያ ፉልክ 4ኛ፣ የሄንሪ 2ኛ ቅድመ አያት፣ ሌላም ነገር ትቶልናል። በ1096 ስለ አንዡ ኮንቶች የዘር ታሪክ በስሙ ተጽፏል። ስለ መጀመሪያዎቹ ኮንቶች ሥራ በአግባቡ መናገር አልችልም ይላል፤ እጅግ ስለራቁ ሬሳቸው የት እንዳረፈ እንኳ አላውቅም ብሎ። ይህ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ለእሱ የዘር ሐረግ የሚጀምረው መቃብሩን ከሚያውቀው ሰው ነው። የልጅ ልጁ ልጅ ደግሞ እዚህ፣ መቃብሩ በሚታወቅ ቦታ ተኝቷል።

ሄንሪ እዚህ ለመቀበር አላሰበም ነበር። ምኞቱ ግራንሞን የሚባል ሩቅ ገዳም ነበር። ሺኖን ግንብ ውስጥ በሐምሌ ሙቀት ሞተና ቅርብ ወደ ነበረው ወደ ፎንቴቭሮ አመጡት። ሺኖንንም አይቻለሁ። ግንቡ ከኮረብታ ላይ ቪየን ወንዝን ቁልቁል ያያል፤ ከላይ ያለው እይታ ድንቅ ነው።

ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ፑዋቲዬ ወረድኩ። የኤሌኖር አባቶች ከተማ ናት። ያስገነባችው የቤተ መንግሥት አዳራሽ 50 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ እስከ 2019 ድረስ ፍርድ ቤቱ እዚያው ነበር። ካቴድራሉ ውስጥ ከመሠዊያው በላይ የስቅለት ሥዕል ያለበት ትልቅ የመስታወት መስኮት አለ። ከታች፣ ከሁሉም በታች፣ ሄንሪና ኤሌኖር ተንበርክከው መስኮቱን ለፈጣሪ ያቀርባሉ። ትንንሽ ናቸው፤ አንገት አቅንቶ መፈለግ ይጠይቃል። ከፎንቴቭሮ የመጣ ሰው ይህን ሳያይ እንዳይመለስ እመክራለሁ። እዚያ ሙታን ናቸው፣ እዚህ ገና አብረው ነበሩ።

ኤሌኖር ከሰባ ዓመት አልፋ ሳለ፣ በ1200፣ የፒሬኔን ተራራ ተሻግራ ዛሬ ስፔን ውስጥ ወዳለው የካስቲል መንግሥት ሄደች። ከሴት ልጇ ልጆች አንዷን ለፈረንሳይ አልጋ ወራሽ ልታመጣ ነው። ብላንሽን ይዛ ተመለሰች። ብላንሽ የሉዊ 7ኛን የልጅ ልጅ አገባች፤ የወለደችው ቅዱስ ሉዊ የሚባለውን ሉዊ 9ኛን ነው። ስለዚህ ሉዊ 7ኛም ኤሌኖርም የዚህ ልጅ ቅድመ አያቶች ናቸው። ዘመዳሞች ናችሁ ተብለው የተለያዩት ሁለቱ በአንድ ልጅ ደም ተገናኙ። የብላንሽ እህት ቤሬንጌላ ልጅ ፈርናንዶ 3ኛም ቅዱስ ተብሏል። አንዲት ሴት፣ በሁለት የልጅ ልጆቿ በኩል ሁለት ቅዱሳን ነገሥታት።

የሚቀጥለው ጉዞዬ ወደ ቡርጎስ ነው፤ ስፔን። እዚያ ላስ ኡዌልጋስ የሚባል የሴቶች ገዳም አለ። የብላንሽ ወላጆች፣ ንጉሥ አልፎንሶ 8ኛና እንደ እናቷ ኤሌኖር የምትባለው ንግሥት፣ በ1187 የመሠረቱት ነው። ሁለቱም ጎን ለጎን እዚያው ተቀብረዋል፤ ቤሬንጌላም እዚያው ናት።