አንዱ አልጫ፣ አንዷ ቀይ ወጥ፦ ለሁለቱም ከአንድ ድስት

የአራት ዓመቱ ልጅ በርበሬ የነካውን አይቀምስም፤ ታላቅ እህቱ ደግሞ አልጫ ሲቀርብ ፊቷን ታዞራለች። ሁለት ዓይነት ወጥ መሥራት ግን መፍትሔ አይደለም። እናትን ያደክማል፤ ልጁም «እምቢ ካልኩ ሌላ ይመጣል» የሚለውን ቶሎ ይማራል። የሚሻለው ክኩን አንድ ላይ ቀቅሎ በመጨረሻ መክፈል ነው።

ለአምስት ሰው 2 ኩባያ የአተር ክክ ይበቃል። ክኩ እሳት ላይ እያለ 4 መካከለኛ ሽንኩርት በደቃቁ ክተፉ። ግማሹን በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በእርድ ለአልጫው አብስሉት። ሌላውን ግማሽ በሌላ ድስት አቁላሉና 2 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ጨምሩበት፤ ውኃ ጠብ እያደረጋችሁ 15 ወይም 20 ደቂቃ አማስሉት። ከዚያ የበሰለውን ክክ ለሁለቱ አካፍሉ። ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ ያለቀ አልጫ ላይ በርበሬ መነስነስ አያዋጣም፤ በርበሬው ስላልተቁላላ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ጉሮሮም ይከረክራል። የትንሹ ልጅ አልጫ ሽንኩርት ሟሙቶ ይጥፋ። ብዙ ልጅ የሚሸሸው ጣዕሙን ሳይሆን ጥርሱ ላይ የሚያገኘውን ቁራጭ ነው።

ትሪ ላይ አልጫውን በትንሹ ልጅ በኩል አድርጉ፤ ወጥ ያልነካው እንጀራም ተዉለት፤ የራሰ እንጀራ የማይወድ ልጅ ብዙ ነው። ከአልጫው ጎን ጥፍር የምታህል ቀይ ወጥ ጠብ አድርጉ። ደብቃችሁ እንዳትቀላቅሉ! ካወቀባችሁ አልጫውንም መጠርጠር ይጀምራል። አዲስ ምግብ እስኪለመድ በተለያየ ቀን 10 ወይም 15 ጊዜ መቅረብ ሊኖርበት ይችላል። መንካቱም፣ ማሽተቱም፣ ቀምሶ መትፋቱም ይቆጠራል።

ከ2 እስከ 6 ዓመት አዲስ ምግብ መፍራት የዕድሜው ጠባይ ነው። ምሬትን አጉልቶ መቅመስም በዘር የሚመጣ በመሆኑ በአንድ ቤት ልጆች መካከል እንኳ ይለያያል። ጎመን አንዱን አስደስቶ ሌላውን የሚያስለቅሰው አንዱ ምክንያት ይህ ነው (በፈላ ውኃ ነክሮ ውኃውን መድፋት ምሬቱን ይቀንሳል)። ስለዚህ «እህትህን አታያትም?» ማለት ልጁን ይበድላል እንጂ አያስበላውም።

ጉርሻም እንዲሁ ነው። ፍቅር ነው፤ አፉን ለዘጋ ልጅ ግን ግዳጅ ይሆንበታል። ምን እንደሚቀርብና መቼ እንደሚቀርብ ወላጅ ይወስን፤ ምን ያህል እንደሚበላ ልጁ።

ከሁሉ በፊት ግን በምግብ መካከል የሚገባውን ተመልከቱ። ወተት ከ2 ዓመት በላይ ላለ ልጅ በቀን 2 ኩባያ ገደማ ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ የወጡን ቦታ ይይዛል። ሻይ ደግሞ ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያግድ ከምግብ ጋር አይሰጥ። ልጁ ክብደት ከቀነሰ፣ ሲውጥ በተደጋጋሚ ካነቀው ወይም አፈር መብላት ከጀመረ ጣጣው ከምርጫ ያለፈ ነውና ሐኪም ይየው።