አውራንጋባድ የትኛው?

ከሙምባይ ወደ አውራንጋባድ የባቡር ትኬት ለመቁረጥ ስሙን ስልካችሁ ላይ ስትጽፉ ወይ ምንም አይመጣም፣ ወይ ቢሃር ውስጥ ያለው ሌላው አውራንጋባድ ይመጣል። ሁለቱን ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይለያቸዋል። የቢሃሩ ጣቢያ አኑግራህ ናራያን ሮድ ይባላል፣ ኮዱም ኤ.ዩ.ቢ.አር. ነው፤ ይህን ካያችሁ ተመለሱ። በኡታር ፕራዴሽና በምዕራብ ቤንጋልም የዚሁ ስም ከተሞች አሉ። እኔ የምጽፍላችሁ ሙምባይ ባለበት ክፍለ ግዛት፣ በማሃራሽትራ፣ ስላለው ነው፤ ሐበሻው ማሊክ አምባር ስለቆረቆረው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የማሃራሽትራው ጣቢያ ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተብሏል፣ ኮዱም ሲ.ፒ.ኤስ.ኤን. ሆኗል። የቆዩ የጉዞ መጻሕፍት ላይ የምታገኙት ኤ.ደብሊው.ቢ. ያንኑ ጣቢያ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያው ኮድ አይ.ኤክስ.ዩ. ነው። ስሙን አሳጥራችሁ "ሳምባጂናጋር" ብቻ አትበሉ፤ ፑኔ አጠገብም ሆነ ሌሎች የማሃራሽትራ ከተሞች ውስጥ በዚህ ስም የሚጠሩ ሰፈሮች አሉ። "ቻትራፓቲ" ብቻ ማለት ደግሞ የባሰ ነው፤ የሙምባይ ትልቁ ባቡር ጣቢያም፣ ከአዲስ አበባ በቀጥታ የምታርፉበት አውሮፕላን ማረፊያም በቻትራፓቲ ሺቫጂ ስም ነው የሚጠሩት። ሁለቱም የማሃራሽትራ ሕዝብ፣ የማራታዎች፣ ነገሥታት ነበሩ፤ ሺቫጂ አባት፣ ሳምባጂ ልጅ ነው። ትኬቱ ላይ የመነሻውና የመድረሻው ስም ሲመሳሰልባችሁ በኮዱ ተማመኑ። እኔ የምመክረው ማታ ከሙምባይ ተነስቶ ጎህ ሳይቀድ የሚያደርሰውን ዴቫጊሪ ኤክስፕረስን ነው። ጉዞው ሰባት ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

ከጣቢያው ስወጣ የተደረደሩት ባለ ሦስት እግር ታክሲዎች አገሬን አስታወሱኝ። እዚያ "አውቶ" ወይም "ሪክሾ" ይሏቸዋል እንጂ "ባጃጅ" ብትሉ የሚገባቸው የፋብሪካው ስም ነው። ፋብሪካውም ሩቅ አይደለም፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ዋሉጅ በሚባል ቦታ ከ1985 ጀምሮ ይሠራል።

ወደ ስሙ ልመለስ። የመጀመሪያው ካድኪ ነው፤ በማራቲ ቋንቋ ካዳክ ዓለት ነው፣ መንደሩም ዓለታማ መሬት ላይ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ተወልዶ ቻፑ ይባል የነበረው፣ በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ በባግዳድ በኩል ህንድ የደረሰው ማሊክ አምባር የአህመድናጋር መንግሥት ዋና አስተዳዳሪ ከሆነ በኋላ፣ በ1610 ገደማ ይህን መንደር ዋና ከተማ አደረገው። እሱ በ1626 ሲሞት ልጁ ፋቴህ ካን ፋቴህናጋር አለው። ይህ "የድል ከተማ" ማለትም፣ "የፋቴህ ከተማ" ማለትም ይሆናል። ሰሜን ህንድን ከሚገዙት ሙስሊም ነገሥታት፣ ከሙጋሎች፣ የተወለደው ልዑል፣ በኋላም ንጉሠ ነገሥት የሆነው አውራንግዜብ፣ የደካን (የመካከለኛውና የደቡብ ህንድ ደጋ) እንደራሴ ሆኖ በ1653 ሲመለስ አውራንጋባድ ተባለ፤ እዚህም ያው ነው። "አውራንግ" በፋርስኛ ዙፋን ስለሆነ "የዙፋን ከተማ" ብሎ የሚያነብ አለ፣ "የአውራንግዜብ ከተማ" ብሎ የሚያነብም አለ። በሙጋል ሳንቲሞች ላይ ደግሞ ኩጂስታ ቡንያድ፣ "የተባረከ መሠረት" ተብሎ ተቀርጿል።

የዛሬው ስም በመንግሥት የጸደቀው በ2023 ነው። ሳምባጂ በ1689 በአውራንግዜብ ትእዛዝ የተገደለ ሂንዱ የማራታ ንጉሥ ነው፤ ስለዚህ የገዳዩ ስም ተነስቶ የተገዳዩ ገባ። "ቻትራ" ጥላ፣ "ፓቲ" ባለቤት፤ ባለ ጥላው እንደማለት። ጥላ የንጉሥ ምልክት መሆኑን ለእኛ ሰው ማስረዳት አያሻም። ጠቡ በስሙ ጅራት ላይም አለ፤ "አባድ" የፋርስኛ፣ "ናጋር" የሳንስክሪት ቃል ሲሆን ሁለቱም የሰው መኖሪያ ማለት ናቸው። ይህን ክርክር ሳስብ ደጋግሞ የሚከነክነኝ አንድ ነገር አለ። የሳምባጂ አያት ሻሃጂ በ1624 በባትቫዲ ጦርነት ከማሊክ አምባር ጎን ተሰልፎ ሙጋሎችን ወግቷል። ሙስሊሙንና ሂንዱውን በአንድ ያሰለፈው ሙስሊሙ ማሊክ አምባር ግን ከተማው ካፈራረቃቸው ስሞች በአንዱም ውስጥ የለም።

ከተማው ውስጥ ስሙ የቀረው ውኃው ላይ ነው፤ ናህር ኤ አምባሪ፣ የአምባር ቦይ። ውኃውን ከከተማው ሰሜን ካሉት ኮረብቶች በመሬት ውስጥ አምጥቶ ያለ ምንም ሞተር፣ በቁልቁለቱ ብቻ ያከፋፍል ነበር። አሠራሩን በዓይን ለማየት ወደ ፓንቻኪ ሂዱ። ይህ ከእሱ ዘመን በኋላ በዚያው ዘዴ የተሠራ የውኃ ወፍጮ ነው። የሸክላ ቧንቧው ውኃውን ከስድስት ኪሎ ሜትር ርቀት ያመጣና ግድግዳ ውስጥ ሽቅብ ወጥቶ ከላይ ኩሬው ላይ እንዲወርድ ያደርገዋል። መስመሩ ላይ አልፎ አልፎ የቆሙት ዓምዶች ጌጥ አይደሉም። ቧንቧ ውስጥ አየር ከታፈነ ውኃው ይቆማል፣ ግፊቱ ከበዛ ደግሞ ሸክላው ይፈነዳል፤ ዓምዶቹ ሁለቱንም ያስተነፍሳሉ። ማሊክ አምባር በ1612 ሙጋሎችን ያሸነፈበት መታሰቢያ የሆነውን የባድካል በርም በዚያው ቀን እዩ።

ለሁለተኛው ቀን ከሾፌር ጋር ስትስማሙ ሦስቱንም ስም ጥሩ፦ ዳውላታባድ (ምሽጉ)፣ ኤሎራ (ዋሻዎቹ)፣ ኩልዳባድ (መቃብሮቹ ያሉበት ከተማ)። ሦስቱም በአንድ መንገድ ላይ ናቸው፣ ግን "ኤሎራ" ብቻ ካላችሁ ሾፌሩ ኩልዳባድን ዘልሎ ይነዳል። ማክሰኞ አትሂዱ፤ ኤሎራ ዝግ ነው። (ሌላው የዋሻ ቦታ አጃንታ 100 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ ለብቻው ቀን ይፈልጋል፣ የሚዘጋውም ሰኞ ነው።) ዳውላታባድ፣ የቀድሞው ዴቫጊሪ፣ 15 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ወደ 750 ደረጃ ስላለው በጠዋት ጀምሩት። መሀል ላይ ጠላትን ለማሳሳት የተፈለፈለ ጨለማ መተላለፊያ አለና ባትሪ ያዙ፤ የሌሊት ወፍ ሽታው ይከብዳል። ኤሎራ 34 ዋሻ አለው። ጊዜ ካጠራችሁ 16ኛውን፣ ከአንድ ዓለት ከላይ ወደ ታች የተፈለፈለውን የካይላሳ ቤተ መቅደስ አስቀድሙ። ላሊበላን ያየ ሰው እዚያ ቆሞ መቸኮል ይከብደዋል።

ኩልዳባድን በመመለሻ አድርጉት። ከተማው ውስጥ የአውራንግዜብ መቃብር ጣሪያ የሌለው፣ ሰማይ ያየው ነው። የማሊክ አምባር ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ "ማሊክ አምባር ካ ማክባራ" ብላችሁ ዛር ዛሪ ዛር ባክሽ ከሚባለው የቅዱስ መቃብር አካባቢ ጠይቁ። አራት ማዕዘን፣ ባለ ጉልላት፣ ግድግዳው በቅስት የተሸነሸነ ሕንፃ ታገኛላችሁ። አጠገቡ ያለው አነስ ያለው የሚስቱ የቢቢ ካሪማ ነው። ጫማችሁን ደጁ ላይ አውልቁ፤ ከቀትር በኋላ ድንጋዩ ስለሚያቃጥል ካልሲ ይኑራችሁ።