የአባዬ ሂሉክስ እና የጨው ዕዳ

አባዬ ሂሉክሷን «ልጄ» ነው የሚላት። እኔን «አንተ!»

ለዓመታት የአፍዴራ ጨው ከኮምቦልቻ እየጫነ ለገጠር ሱቆች አከፋፍሎባታል። ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል። በጭነት መጫኛው ሽንቁር እየሾለከ መኪናዋን ከሥር በተሸከመው ብረት፣ በሻንሲው ላይ ተኝቶ በላው። ከላይ ስትታይ ግን ምንም አትልም።

ቅዳሜ በያጁ ከሥሯ ተንጋሎ ገባ። ሻንሲውን በትንሽ መዶሻ መታ መታ ያደርጋል። ጤነኛው ብረት ይጮኻል። የኋላ ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመው የብረት ሞላ) የሚታሰርበት ጋ ሲደርስ ድምፁ ታፈነ። ደገመው። መዶሻው በሳው፤ ቡናማ ቅርፊት ፊቱ ላይ ዘነበ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ድርቆሽ ሆኗል» አለኝ።

አምና አንድ ጋራዥ ይህንኑ ቦታ በስቱኮ ሞልቶ፣ ጥቁር ቀለም ቀብቶ አስከፍሎኛል። እስካሁን ያንገበግበኛል።

በያጁ መጀመሪያ ባትሪውን ፈታ። የተበላውን እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ቆርጦ 4 ሚሊሜትር ላሜራ በየደበት። የሻንሲ ቁጥሩ የተመታበትን ቦታ ግን አላስነካሁም፤ ለቦሎ ስሄድ ጣጣው አያልቅም። ከዚያ ፀረ ዝገት ቀለም፣ ሁለት እጅ።

አባዬ ከዘራውን ተደግፎ መጣ። መዶሻውን ተቀብሎ አዲሱን ብረት መታው። ጮኸ።

«ታዲያ ጨው የሚጫነው መቼ ነው?» አለኝ።