ሞላ፣ ጎደለ

የባንክ ቴለር አብዝቶ የሚጠላው ቃል ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ሳላስብ «ጎደለ» እላችኋለሁ። «ሲስተም የለም» ሁለተኛ ነው፤ እሱን ግን ደንበኛውም እኛም ለምደነዋል።

የምሠራው ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ ከአንበሳው ሐውልት ብዙም ሳይርቅ ነው። የባንኩን ስም አልጠራም፤ እንጀራዬ አሁንም ከዚያው ነው። መስኮት ላይ ስቀመጥ ስምንተኛ ዓመቴ ነው። ሥራው ሦስት ነገር ነው፤ ብር መቀበል፣ ብር መክፈል፣ ፈገግ ማለት። የሚያደክመው ሦስተኛው ነው።

ድሮ ደንበኛ ሲቆጣኝ ዝም ብዬ አስተናግድና ሽንት ቤት ገብቼ አለቅስ ነበር። ፊቴን ታጥቤ፣ ሊፕስቲኬን አስተካክዬ እመለሳለሁ። ማንም የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር። ለካ የቮልት፣ ማለትም የባንኩ ካዝና፣ ኃላፊያችን ያውቃሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ ቁልፍ ሲያዞሩ እንኳ ድምፅ የማያሰሙ ሰው ናቸው። አንድ ቀን «ምሳሽን ስትጨርሺ ፎቅ ነይ፤ የማሳይሽ ነገር አለ» አሉኝ።

ፎቅ ማለት ያረጁ ቫውቸሮች የሚከመሩበት ክፍል ነው። አቧራ፣ ካርቶን፣ አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር። ጋሼ በወጣትነታቸው ህንድ ሲማሩ ከበርማ የመጣ የዶርም ጓደኛ ነበራቸው። ልጁ ጎህ ሲቀድ ይነሳና ዓይኑን ጨፍኖ ቁጭ ይላል። ምን እያደረገ እንደሆነ ቢጠይቁት አስተማራቸው። እ.ኤ.አ. ከ1904 እስከ 1982 የኖሩት ማሃሲ ሳያዶ የተባሉ የበርማ መነኩሴ ያስፋፉት የተመስጦ ዘዴ ነው። ጋሼ ከዚያ ወዲህ አልተዉትም።

ዘዴው ሲነገር ቀላል ነው። ቁጭ ትያለሽ። ልብሽን ሆድሽ ላይ ታደርጊያለሽ። አየር ሲገባ ሆድሽ ሲነፋ በልብሽ «ሞላ»፣ ሲወጣ «ጎደለ» ትያለሽ። ሐሳብ ከመጣ «ማሰብ»። የመኪና ጥሩምባ ከተሰማሽ «መስማት»። ጉልበትሽ ካሳከከሽ «ማሳከክ»። ስሙን ሰጥተሽ፣ ነገሩን ትንሽ አይተሽ፣ ወደ ሆድሽ ትመለሻለሽ። በቃ።

«ስሙ እንደ ማኅተም ነው» አሉኝ ጋሼ። «ቼኩ ላይ ታሳርፊዋለሽ እንጂ ቼኩን አትሸፍኚበትም። ዓይንሽ ቼኩ ላይ ይሁን።»

እኔ የመጀመሪያዋን «ሞላ» አልኩ። ደህና ነው። «ጎደለ» ስል ሆዴ ዱብ አለ። ዓይኔን ገለጥኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ ያ ቃል ለእኔ ከደሞዝ የሚቆረጥ ገንዘብ ነው! ጋሼ እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። «እሺ፣ ላንቺ ከፍ፣ ዝቅ ይሁንልሽ» አሉ።

አንድ ነገር ሳልናገር አልለፍ። ነገሩ ከቡድሂስቶች የመጣ መሆኑ አስፈርቶኝ ነበር። የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። አስረድቼ እስክጨርስ ሰሙኝና «ሆድሽን ብታዪ ምን ችግር አለው፤ ሆድሽን አታምልኪ እንጂ» ብለው ገላገሉኝ። ሌላው የራሱን አባት ይጠይቅ።

ሳምንታት አለፉ። ችግሬ ሌላ ሆነ። ዓይኔን ስጨፍን የሚመጡልኝ ስሞች «ባለጌ»፣ «ያቺ ሱፐርቫይዘር»፣ «የቤት ኪራይ» ሆኑ። ለጋሼ ነገርኳቸው።

«ባለጌ ሰው ነው» አሉ። «ስሜት አይደለም። አንቺ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

በኋላ ሳነብ የገረመኝ ነገር አለ። በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት ነው። ሰዎቹን የአንጎል ምስል ማንሻ ማሽን ውስጥ አስተኝተው የተቆጣና የፈራ ፊት ያለበት ፎቶ ያሳዩአቸዋል። አንዳንዴ ለፊቱ የስሜት ቃል ያስመርጧቸዋል፤ ተቆጥቷል ወይስ ፈርቷል። አንዳንዴ ደግሞ የሰው ስም ያስመርጧቸዋል፤ ይሄ የወንድ ስም ይስማማዋል ወይስ የሴት። ስሜቱን ሲጠሩ፣ አደጋ ሲመጣ የሚንጫጫው የአንጎል ክፍል፣ አሚግዳላ የሚሉት፣ ረገብ አለ። የሰው ስም ሲመርጡ ያን ያህል አልረገበም። የእኔ «ባለጌ» የትኛው ወገን እንደሆነ ገባኝ።

እውነቱን ለመናገር ለእኛ ይህ ነገር ሊከብደን አይገባም ነበር። አማርኛችን ግማሹን ሠርቶልናል። ደበረኝ፣ ከፋኝ፣ ጨነቀኝ፣ ሰለቸኝ፣ ቀፈፈኝ። ማን ነው የደበረኝ? አይታወቅም። ነገሩ መጣብኝ እንጂ እኔ አይደለሁም። ሆዴ ባር ባር አለኝ ስንል ደግሞ ቦታውን ሳይቀር ተናግረናል። የሚከዳን እንደ «ተናደድኩ» ያለው ቃል ነው። እሱ ላይ ስንደርስ ባለቤቱ «እኔ» ሆኖ ቁጭ ይላል።

እንግዲህ ያቺ ዓርብ መጣች።

ከጠዋቱ ጀምሮ ሲስተም ይመጣል፣ ይሄዳል። ወረፋው በር ድረስ ደርሷል። አምስት ሰዓት ገደማ አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ቼክ ይዞ መጣ። ፊርማው ፋይሉ ላይ ካለው ጋር አልገጠመም። በትሕትና ነገርኩት። ጣቱን መስታወቱ ላይ እየቆረቆረ «አንቺን ማን ነው እዚህ ያስቀመጠሽ? ማንበብስ ትችያለሽ?» አለ። ድምፁ አዳራሹን ሞላው። ከጎኔ ገና ሁለተኛ ሳምንቷ የሆነ ተለማማጅ ነበረች። ወረፋው በሙሉ ጸጥ አለ፤ የአዲስ አበባ ሰው ወረፋ ላይ ሆኖ ጸጥ ካለ ነገሩ ከባድ ነው።

በልቤ «ንዴት» አልኩ። «ንዴት፣ ንዴት።» ሰውየው ቼኩን ነጥቆ ወጣ። ራሴን «ጎበዝ!» አልኩት። ሽንት ቤት አልሮጥኩም፣ አላለቀስኩም። ሠራልኝ ብዬ ቀጣዩን ጠራሁ።

አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተዘጋ። ባላንስ ላደርግ ቆጠርኩ። ድጋሚ ቆጠርኩ። ሦስተኛ ቆጠርኩ። 10,000 ብር ሾርት፤ ጎድሏል።

ክው አልኩ። ተለማማጇ «ምን ሆንሽ?» አለች። እጄ ሲንቀጠቀጥ ላስቲኩን ከብሩ ላይ ማውለቅ አቃተኝ። ያኔ ነው «ፍርሃት» ያልኩት። የት? ሆዴ ውስጥ፣ እንደ ቀዝቃዛ ውኃ። ጉሮሮዬ ላይ፣ እንደ ቋጠሮ። ፍርሃቱ አልሄደም። ግን ላስቲኩ ወለቀ። አራተኛ ቆጠርኩ። አሁንም 10,000።

ለማናጀሩ «ያ ሰውዬ ነው!» አልኩት። እርግጠኛ ነበርኩ። ማናጀሩ አየኝና «ቼኩን መልሰሽበት የለም እንዴ?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ለሰውየው አንዲት ብር አልከፈልኩም።

ካሜራ አየን። ራስን ካሜራ ላይ ማየት ደስ አይልም። ሰውየው ይወጣል። ቀጥሎ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ይመጣሉ። አንገቴን ደፍቻለሁ። ቀና አልልም። መታወቂያቸውን ስቀበል ቀና አልልም፣ ሳስፈርማቸው እንኳ ቀና አልልም። ከመሳቢያዬ አንድ እስር ብር አወጣሁ፣ መቁጠሪያ ማሽኑ ላይ ጣልኩት፣ 100 አለ፣ ሰጠኋቸው። እሳቸው ያዘዙት 10,000 ብር ነው፤ መቶ መቶውን። ማሽናችን ደግሞ ቅጠሉን ይቆጥራል እንጂ ባለ ስንት እንደሆነ አይለይም። ምስሉን አቁመን አሳደግነው። ወይንጠጅ ነው። ከመስከረም 2013 ዓ.ም. ጀምሮ የምናውቀው ባለ ሁለት መቶው። መቶ ቅጠል፣ 20,000 ብር።

ቆጠራው ልክ ነበር። ስሙ ነው የተሳሳተው።

የእናታችን ስልክ አይነሳም። ቅዳሜ ቢደወል፣ ዝግ ነው። ሰኞ ካልተገኘ ከደሞዜ እንደሚቆረጥ ተነገረኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ ቮልቱን ዘግተው ፎቅ ጠሩኝ። እኔ እንዲያጽናኑኝ ነበር የጠበቅኩት። እሳቸው ግን እንደ ኦዲተር መጠየቅ ጀመሩ።

«ሰውየው ሲጮህ ምን አልሽ?»

«ንዴት።»

«የት ነበር?»

«እ?»

«ንዴት ክንድ ላይ ይወጣል፣ ጥርስ ያስነክሳል። ጥርስሽን ነክሰሽ ነበር?»

አሰብኩ። ጥርሴ ደህና ነበር። እጄ ደህና ነበር። የጋለው ጆሮዬ ነው። ከጆሮዬ ወደ አንገቴ እየወረደ። ሰው ሁሉ እያየኝ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ተለማማጇም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ነበር።

«ሃፍረት ነበር፣ ጋሼ» አልኩ።

«ስለዚህ ነዋ ቀና ያላልሽው።»

ሌላ ብዙ አላሉም። አንድ ነገር ብቻ ጨመሩ። «ንዴት» ብዬ የጠራሁት ነገሩን ለማየት ሳይሆን ለመሸኘት ነበር አሉ፤ ማኅተሙን አሳርፌ ቼኩን ሳላነብ ወደ ፋይል እንደማስገባት። ሃፍረት ግን አልተሸኘም፤ ቀጣዩ ደንበኛ ጋር አብሮኝ ተቀምጧል። መጀመሪያ ገላውን አንብቢ፣ ስሙ ከዚያ ይመጣል አሉኝ። ካልመጣም «ሙቀት» በይ፣ «ጆሮ» በይ፤ ትልቁን ቃል አታስቸኩዪው።

እሁድን እንዴት እንዳሳለፍኩ አልነግራችሁም። 10,000 ብር ለቴለር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ እናታችን ራሳቸው በሩ ላይ ቆሙ። ጥበቃው ነው ያመጣቸው። ከብብታቸው ነጭ መሐረብ አውጥተው መስኮቴ ላይ አስቀመጡ። አራት ቦታ ተቋጥሯል። ቋጠሮው ሲፈታ እስሩ ከነላስቲኩ አለ። ዓርብ ዕለት ቤታቸው ገብተው ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። ለባለቤታቸው ተዝካር የያዙት ነው፤ ትናንት ማታ ለበግ ነጋዴው ሊቆጥሩ ሲፈቱ ነው ያዩት። ስልኩ የልጃቸው ነበር፤ ልጁ ሐዋሳ ሄዷል።

እያንዳንዱን ቅጠል በእጄ ቆጠርኩ። ማሽኑን አልነካሁትም። ጆሮዬ ሞቀ። «ጆሮ» አልኩ። ከዚያ አንድ እስር ባለ መቶ አውጥቼ፣ ቀለሙን አይቼ፣ ለእሳቸውም አሳይቼ፣ ቀና ብዬ ሰጠኋቸው። ዓርብ ዕለት ያላየሁትን ፊት አየሁ። ከግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት አለ።

«እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያን ቀን አጥፍቻለሁ።»

«ልጄ» አሉኝ፣ «ያን ቀን አንገትሽን ደፍተሽ ሳይሽ ሰው ሞቶባት ይሆን ብዬ ሆዴ ባባ። ልጠይቅሽ ብዬ፣ ወረፋው በዛና ተውኩት።»

መሐረባቸውን መልሰው ቋጠሩ፤ አራቱንም። ወጡ።

ምሳ ሰዓት ፎቅ ወጣሁ። ጋሼ ዋና መሥሪያ ቤት ስለሄዱ ብቻዬን ነበርኩ። ካርቶኑ ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከታች የባቡሩ ደወል ይሰማል፤ መስማት። ዛሬ «ከፍ፣ ዝቅ» ማለት አልፈለግኩም። «ሞላ» አልኩ። ቆየሁና «ጎደለ» አልኩ። ሆዴ እንደ ልማዱ ዱብ አለ።

«መደንገጥ» አልኩት። ከዚያ ሞላ።