ጤፍ ሞልቶን ዱቄት ያጣን ጊዜ

ሰሞኑን መብራት ሄድ መጣ ሲል እህቴ ከኮምቦልቻ ደወለችና ሰላምታ እንኳን በቅጡ ሳንለዋወጥ "አስፈጭተሻል ወይ?" አለችኝ። አስፈጭቻለሁ አልኳት። "በሶውስ?" ገብሱ ተለቅሟል ቅዳሜ እቆላለሁ አልኳት። ከዛ ነው ስለልጆቹ ምናምን ያወራነው። እኛ ቤት መብራት በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠየቀው የዱቄት ነገር ነው፣ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ግማሹ ሰፈር ልጁን አዝሎ በሐረጎ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዛም አልፎ ሄደ። እኛ ግን አያቴ መራመድ ስለማትችል ቀረን። አምስት ሳምንት ገደማ ነው፣ ህዳር መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ከደሴ እስኪወጣ ድረስ። መብራት የለም፣ ኔትወርክ የለም፣ ባንክ ዝግ ነው፣ ቧንቧው ደርቋል። ስለሌላው ሌላው ብዙ ብሏል፣ እኔ ማውራት የምፈልገው ስለ ጓዳችን ነው።

እኛ ቤት እህል ነበረ እኮ! ከሰኞ ገበያ የተገዛ አንድ ኩንታል ጤፍ፣ ግማሽ ኩንታል ስንዴ፣ ሽንብራ ምናምን ነበረ። እናቴም "ተመስገን እህሉ አለን" ብላ ተረጋግታ ነበር። በሶስተኛው ቀን የዱቄቱ ባልዲ ተሟጠጠ፣ ከዛ ሁላችንም እርስ በርስ ተያየን፣ ምክንያቱም ወፍጮ ቤቱ የሚሰራው በመብራት ነው። ደግሞ ቢፈጭስ? ምጣዳችን የመብራት፣ ስቶቫችን የመብራት፣ ውሃው በፓምፕ ተገፍቶ የሚመጣ፣ ብራችን ስልክ ውስጥ፣ ስልኩ ቻርጅ የለውም። ሁሉን ነገር አንድ ሽቦ ላይ አንጠልጥለነው ነው ለካ የምንኖረው፣ ሽቦው ሲበጠስ ኩንታል ጤፍ አጠገብ ተቀምጠን ራበን።

አያቴ የ66ቱንም የ77ቱንም ክፉ ቀን ያየች የወሎ ሴት ናት። አልጋዋ ላይ ሆና "ጥሬውን ታቅፋችሁ ልትተኙ ነው?" አለችን። ግቢ ውስጥ የአበባ ጣሳ የምናስቀምጥበት ድንጋይ ነበር፣ የሷ የድሮ ወፍጮ ነው፣ መጁ (በእጅ ይዘው የሚፈጩበት ትንሹ ድንጋይ) ደግሞ የዶሮ ቤቱን በር ደግፎ ነው የተገኘው። አጥበን አስገባነው። እኔ ዩኒቨርስቲ ተምሬያለሁ ግን ወፍጮ ላይ እንዴት እንደሚንበረከኩ አላውቅም ነበር፣ "ወገብሽን አይደለም፣ ክንድሽን ልቀቂው" እያለች ከአልጋዋ ላይ ነው ያስተማረችኝ። ለስድስት ሰው የሚሆን የጤፍ ዱቄት በእጅ መፍጨት ከጠዋት እስከ ከሰዓት ይፈጃል፣ ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ደግሞ ከመጁ ስር እየሸሸ ያስቸግራል። ስለዚህ እንጀራ በሶስት ቀን አንዴ ሆነ፣ በተረፈ መፍጨት የማይፈልገውን በላን፣ የስንዴ ንፍሮ፣ የሽንብራ ቆሎ፣ ስንዴውን ከካ አርገን ቂንጬ። እውነቱን ለመናገር ያቆየን ንፍሮ ነው።

ምጣድም ሌላ ጣጣ ነበር። የጎረቤታችን የሀጂ ባለቤት የሸክላ ምጣድ ነበራቸውና በየተራ ተጠቀምንበት፣ በሶስት ጉልቻ፣ በባህር ዛፍ ቅጠል። አንዷ ጎረቤት አዲስ ምጣድ ገዝታ አስቀምጣ ኖሮ አወጣችው ግን አልተሟሸም፣ ለማሟሻ ጎመን ዘር ከየት ይምጣ በዛን ሰአት? ሊጡ ሁሉ እየተጣበቀ ቀረ። ስለዚህ አደራ፣ ምጣድ ገዝታችሁ የምታስቀምጡ ከሆነ ዛሬውኑ አሟሽታችሁ ሁለት ሶስት ቀን ጋግራችሁበት አስቀምጡት። ከቻላችሁ ሚርት ምድጃ ያዙ፣ እሳቱን ሰብስቦ ስለሚይዝ ከሶስት ጉልቻ ይልቅ እንጨት ይቆጥባል፣ ጭሱም ይቀንሳል።

እና አሁን ምን እናረጋለን? ትልቁ ለውጥ አንድ ነገር ነው፣ ሁለት ባልዲ። ሁለቱም ክዳናቸው ግጥም የሚል። አንዱ የምንበላበት ዱቄት ነው፣ ሌላው እንደታሸገ ይቀመጣል። የመጀመሪያው ሲያልቅ የታሸገው ይከፈታል፣ ያንለት ጥሬው ወፍጮ ቤት ይሄዳል፣ ባዶው ባልዲ ሞልቶ ይታሸጋል። በቃ። ዱቄቱ ሳያረጅ ይዞራል፣ መብራት በማንኛውም ቀን ቢጠፋ ቢያንስ አንድ ሙሉ ባልዲ ዱቄት ቤት ውስጥ አለ። ሽሮና በርበሬም እንደዛው በሁለት ዕቃ ነው። ለዚህ ተጨማሪ ብር አላወጣንም፣ ድሮ "ያልቅና እናስፈጫለን" እንል የነበረውን "ሳያልቅ እናስፈጫለን" ማለት ነው የጀመርነው።

ከዛ እሳት የማይፈልግ ምግብ። በሶ ንጉስ ነው። ገብሱን ለቅሞ ቆልቶ ሸክሽኮ ማስፈጨት ነው፣ ከተፈጨ በኋላ ውሃና ጨው በቂው ነው፣ ለልጆች ስኳር፣ ካለ ደግሞ በንጥር ቅቤ ማሸት ነው፣ ጭኮ ሆኖ ይቆያል። ድርቆሽ ደግሞ የኮምቦልቻዋ እህቴ ስራ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ብርዱንና የጦሳ ተራራን ጉም ታውቁታላችሁ፣ እንጀራ እናድርቅ ስንል ሻገተብን። ኮምቦልቻ ግን በመኪና አንድ ሰአት ባይሞላም ሙቀቱ ሌላ አገር ነው፣ እዛ ሁለት ቀን ፀሀይ ላይ ዋለ ማለት እጅ ላይ ኮሽ ብሎ ይሰበራል። ኮሽ ካላለ አታሽጉት፣ ጎንበስ ቀና የሚል ከሆነ ውስጡ እርጥበት አለ ማለት ነው።

በተቃራኒው እህል የሚቀመጠው እኛ ጋ ነው። ብርድ ነቀዝን ያዘገየዋል፣ ኮምቦልቻ ማሽላና በቆሎ ካስቀመጥሽ በጥቂት ወር ዱቄት አርጎት ታገኚዋለሽ። ጤፍ ግን ባርከው ነው የሰጡን፣ ከማነሱ የተነሳ ነቀዝ ውስጡ ገብቶ መራባት አይችልም፣ ደረቅ ከሆነ ለአመታት ይቆያል። ለማሽላ፣ ለስንዴና ለባቄላ ውስጡ ሁለት ላስቲክ ያለው ባለ ሶስት ሽፋኑን ከረጢት ነው የምንጠቀመው። ሁለቱንም ላስቲክ አየሩን ጨምቃችሁ ለየብቻ ጥብቅ አርጋችሁ ማሰር ነው፣ ውስጥ የቀረው ነቀዝ አየሩን ይጨርስና ራሱ ይሞታል፣ መድኃኒት የለው ምን የለው። ብቻ እህሉ ደረቅ ይሁን። መሞከሪያው ቀላል ነው፣ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እፍኝ እህልና ትንሽ ደረቅ ጨው ጨምሩና አናውጡት፣ ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና ነው፣ ፀሀይ ላይ ይመለስ።

እዚህ ላይ የምለምናችሁ ነገር አለ። ገበያ ላይ የሚሸጠውን የነቀዝ ክኒን ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ በፍፁም እንዳታደርጉ። እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ ነቀዙን የሚገድለው እሱ ነው፣ ሰውንም ይገድላል። ከአልጋ ስር ኩንታል እያስቀመጥን እዛ ውስጥ ክኒን መክተት ማለት ልጆቻችንን አብሮ መክተት ነው። ይሄን በተናገርኩ ቁጥር ሰው "እኛ እኮ ስንት አመት ስንጠቀም ምንም አልሆንም" ይለኛል፣ እባካችሁ እንደዛ አትበሉ።

ውሃ። ለመጠጥና ለማብሰል ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያዙ፣ አምስት ሰው ያለበት ቤት ማለት ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን በቀን አንድ ነው። እኛ 8 ጀሪካንና አንድ 200 ሊትር በርሜል አለን፣ ቆጥበን ከያዝነው ሁለት ሳምንት ከምናምን ያደርሰናል። ጀሪካኖቹን በየወሩ መጀመሪያ ልብስ እናጥብባቸውና እንደገና እንሞላለን። የምንጭ ወይም የወንዝ ውሃ ለመጠጣት የተገደደ ሰው ደግሞ ያፍላው፣ ግን ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነው፣ ወደ 92 አካባቢ፣ ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ ያለን ሰዎች መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሶስት ደቂቃ ማቆየት አለብን፣ ኮምቦልቻ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል። ማገዶ ከሌለ በረኪና፣ 5 ፐርሰንት አካባቢ የሆነ፣ ሽታም ቀለምም ያልተጨመረበት፣ ለአንድ ሊትር 2 ጠብታ። ለ20 ሊትር 40 ጠብታ ነው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። አማስሎ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ውሃው ከደፈረሰ አስቀድሞ በነጠላ ማጥለል። ለተቅማጥ ኦአርኤስ ከሌለ በአንድ ሊትር ንፁህ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው፣ ይሄን ወረቀት ላይ ፅፈን የጓዳው በር ላይ ለጥፈነዋል ምክንያቱም በጭንቅ ሰአት ሰው ይረሳል።

ከሰል ላይ ደሴዎች በተለይ ስሙኝ። ብርድ ስለሆነ የከሰል ምድጃውን ቤት አስገብተን በሩን ዘግተን እንተኛለን። "ጭሱ ወጥቷል፣ ፍም ሆኗል" እንላለን፣ የሚገድለው ጋዝ ግን አይታይም አይሸትም፣ ፍም ከሆነ በኋላም ይወጣል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረ በሩን በርግዶ መውጣት ነው። ከመተኛት በፊት ምድጃው ደጅ ይውጣ፣ ብርዱን በጋቢ እንቻለው።

ብር በጥሬው፣ በዝርዝር። ያኔ ሁለት መቶ ብር ይዘሽ ሱቅ ብትሄጂ ባለሱቁ መልስ የለውም፣ ወይ ሁሉንም ትገዢያለሽ ወይ ትመለሻለሽ። አሁን በየሳምንቱ ጥቂት ባለ አስርና ባለ ሃምሳ ብር ቆርቆሮ ውስጥ እንጨምራለን። መታወቂያ፣ የቤት ካርታ፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የትምህርት ማስረጃ ኮፒው ሁሉ በፌስታል ተጠቅልሎ አንድ ቦርሳ ውስጥ በሩ አጠገብ ነው። እዛው ቦርሳ ውስጥ የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት የአንድ ወር፣ ሞዴስ (ይሄን ማንም አያነሳውም፣ ያኔ ግን ሴቱ ሁሉ ሲቸገርበት የነበረው ነገር ነው)፣ ሳሙና፣ የሶላር መብራት። እና የስልክ ቁጥሮች በወረቀት። ስልኬ ሲዘጋ የገዛ እህቴን ቁጥር በቃሌ አላውቀውም ነበር፣ ከወጡት መሀል አንዱ ስልክ የሚሰራበት ቦታ ደርሶ "ደህና ነን ብዬ ልደውልላችሁ፣ ቁጥሩን ስጡኝ" ቢል የምሰጠው አልነበረኝም። አሁን ልጄ የስድስት ሰው ቁጥር በቃሏ ትወጣዋለች።

አንድ ሌላ ነገር፣ የእኛ አካባቢ መሬቱም አንዳንዴ ይንቀጠቀጣል። በ1953 ከእኛ ወደ ደቡብ ባለችው ካራ ቆሬ አካባቢ የተነሳው ማጀቴ የምትባለውን ከተማ አፍርሶ እንደነበር ይታወቃል። ስለዚህ የዘይት ጀሪካንና ከባድ ገንቦ መደርደሪያው ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ነው የምናስቀምጠው።

ስለመግዛት አንድ ነገር ልበል። ወሬ ሲነሳ ተሯሩጦ አስር ካርቶን መግዛት ጎረቤትን መጉዳት ነው፣ ዋጋውን እኛው ነን የምንሰቅለው። እህል ከመኸር በኋላ ጥርና የካቲት ላይ ይሻላል፣ ጨውና ሳሙና በየወሩ አንድ አንድ ትርፍ እየጨመሩ ነው። ደግሞ ብቻን ተዘጋጅቶ የትም አይደረስም፣ እኛ ቤት ወፍጮ ነበረ፣ ሀጂ ቤት ምጣድ ነበረ፣ ታች ያሉት ቤት ጉድጓድ ውሃ ነበራቸው። ከዛ በኋላ በቅሬያችን (እድራችን ማለት ነው) ስብሰባ ላይ ተነስቼ ማን ቤት ምን እንዳለ ይታወቅ አልኩ። ሰው መጀመሪያ ደስ አላለውም፣ "ሌባ እንጥራ እንዴ?" ያሉም ነበሩ፣ እውነታቸውን ነው። በኋላ ሀጂ "እህላችንን አንቁጠር፣ ዕቃችንን እንቁጠር" አሉና ተስማማን። አሁን የቅሬው ድንኳንና ብረት ድስት ከሚቀመጥበት ጋር ሁለት የተሟሹ ምጣዶችና አንድ የእጅ ወፍጮ አለ። አያቴ አምና አረፈች፣ የሷን ወፍጮ ግን አልሰጠሁም፣ ጓዳ ውስጥ ነው፣ በወር አንዴ እጄ እንዳይረሳው ትንሽ በሶ እፈጭበታለሁ።

እስካሁን ያልተፈታልኝ ማገዶ ነው። ደረቅ እንጨት የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም፣ ክረምት ላይ ያለው ሁሉ ይረጥባል፣ ከሰል ሁለት ኩንታል አለ ግን ለእንጀራ አይሆንም። ከዶሮ ቤቱ ጎን በቆርቆሮ ላዘነብል አስቤያለሁ፣ ከመሬት በድንጋይ ከፍ አርጌ። ጠባብ ግቢ ውስጥ ማገዶ ከዝናብ የምታቆዩበት መንገድ ያላችሁ ካላችሁ ፃፉልኝ፣ ሰኔ ሳይገባ መጨረስ እፈልጋለሁ።