ከጀርባው «1960» የሚል ፎቶ

ባለፈው እሑድ አንድ ፎቶ ዓመተ ምሕረቱን አገኘ። ሦስት ወር ፈጅቶብናል። ቤት ውስጥ ሳወራው ሁሉም መስማት ስለሰለቻቸው እዚህ ልተንፍስ።

የአዲስ አበባ፣ የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ልጆች ነን። ሰፈሩ በ2016 ፈርሶ ሁላችንም ስንበታተን ያልተበተነው እድሩ ብቻ ነው። ከስብሰባ በኋላ ቡና እየጠጣን የምንቀር ስምንት ሰዎች የሰፈሩን ታሪክ መሰብሰብ ጀመርን። መጀመሪያ ሁለት ገጽ መጠይቅ አዘጋጅተን ነበር፤ በወሩ ጣልነው። «ወደ ሰፈሩ በስንት ዓመተ ምሕረት ገቡ?» ብሎ ሽማግሌ መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው። ወይ መልስ የለም፣ ወይ ለይሉኝታ ብለው አንድ ቁጥር ይጠሩላችኋል። ያን ጊዜ ማን እንደወለደ፣ ማን እንደሞተ ጠይቁ። አንዲት እማማ «የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ አራስ ነበርኩ፤ ተኩሱን ፈርተን ሕፃኑን ይዘን አልጋ ሥር ገባን» አሉን። በቃ፣ መፈንቅለ መንግሥቱ የተሞከረበት 1953።

ከዚህ ተነስተን «ማንጠልጠያ» የምንለውን ወረቀት ሠራን። የኅዳር በሽታ 1911፣ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው 1928፣ ንጉሡ የተመለሱት 1933፣ የትርፍ ቤት አዋጅ 1967፣ የብር ለውጥ 1969። የሚነግሩንን ሁሉ ከአንዱ በፊት ወይም ኋላ እናንጠለጥላለን። ለወረቀትም ይሠራል፤ ቀበሌ የመጣው ያኔ ነውና፣ ደረሰኝ ላይ የቀበሌ ማኅተም ካለ ከ1967 በፊት አይሆንም።

ፎቶው ግን እምቢ አለ። መንገድ ዳር የቆሙ አሥራ አራት ሰዎች ናቸው፤ አሥራ ሁለቱ ኮት የለበሱ፣ ሁለቱ ጋቢ የደረቡ። ከፊት የተንበረከከው ጡሩምባ ይዟል። የእድሩ መሥራቾች ናቸው ተብሏል። ከጀርባው በእርሳስ «1960» ይላል፣ ሌላ ምንም የለም። የማን 1960? የኛ ነው የፈረንጅ? የፎቶ ቤቱ ማኅተም በእንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ የፈረንጅ ነው ብዬ ሙጭጭ አልኩ። ስምንት ቀንሼ 1952 ብዬ መዘገብኩ። የተከራከሩኝም ነበሩ፣ አልሰማሁም።

በነገራችን ላይ ስምንት ቀናሽ መሆኔ ቀድሞም አዋርዶኛል። ከመስከረም እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት የሚቀነሰው ሰባት ነው። እኔ ግን የኅዳር በሽታን ከፈረንጅ 1918 ላይ ስምንት ቀንሼ 1910 አደረግሁት። አንድ አባት ወረቀቱን አይተው «ልጄ፣ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ የምናጥነው ለዚህ እኮ ነው፤ እንዴት ዓመቱን ትስተዋለህ?» አሉኝ።

ወደ ፎቶው ልመለስ። ባለፈው እሑድ ለእነዚያ እማማ በስልኬ ላሳያቸው ስል «ዓይኔ ለዚህ አይሆንም፣ ዋናውን አምጣ» አሉ። ሰጠኋቸው። ሰዎቹን እንኳ በቅጡ አላዩም። ጣታቸውን ዳር ላይ አድርገው «ማዘጋጃ ቤቱ ያው ቆሞ የለም እንዴ?» አሉ። እውነትም ከቸርችል ጎዳና ጫፍ ላይ ሕንፃው ይታያል። ማዘጋጃ ቤቱ የተመረቀው በኛ 1957 ነው፤ በፈረንጅ 1960 ገና አልተሠራም። ስለዚህ 1960 የኛው ነው።

ስልኬ ላይ ለምን አልታየንም? ቆርጬው ነዋ! ፎቶው እንዲያምር ብዬ ሰዎቹን ብቻ አስቀርቼ ዳርና ዳሩን ጥዬዋለሁ። ሦስት ወር ስንጨቃጨቅበት የነበረው መልስ እኔ የጣልኩት ቁራጭ ላይ ነበር።

ስለዚህ ምክር ከፈለጋችሁ፣ አትቁረጡ። ጀርባውንም አንሱ። ከየቁጥሩ አጠገብ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁ ጻፉ። እኔ የመጀመሪያዎቹን አርባ ፎቶዎች ጀርባ ሳላነሳ ለባለቤቶቹ መልሻለሁ። አሁን አንዱ ቱሉ ዲምቱ፣ አንዱ ጀሞ፣ አንዷ ልጆቿ ዘንድ አሜሪካ ናቸው። በየሰንበቱ ታክሲ ስሳፈር የምታዩኝ ለዚህ ነው።

ከዚያው ከተቆረጠው ዳር አንድ ባዶ እግሩን የቆመ ልጅም ብቅ ብሏል። ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ አፉን ከፍቶ ካሜራውን ያያል። እስካሁን ሦስት ሰዎች «እኔ ነኝ» ብለዋል። አንደኛው የተወለደው በ1964 ነው።